ስለ ጽጽቃ የተጻፈን ገጽ ከፈላጊው የሚያደርሰው የድረ ገጽ ካርታ

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የዝቋላ ወረዳ መቀመጫ ስለሆነችው ጽጽቃ የተዘጋጀ ጽሑፍ በድረ ገጽ ስለወጣ ብቻ በጎግል ወይም በቢንግ ይገኛል ማለት አይደለም። መፈለጊያዎቹ አዳዲስ ገጾችን የሚያገኙት በዋነኛነት ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚወስዱ ማገናኛዎችን እየተከተሉ በመሆኑ፣ ሌሎች ድረ ገጾች ያልጠቆሙት ገጽ ለረጅም ጊዜ ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። ስለ አዲስ አበባ የሚጻፍ ገጽ ጠቋሚ አያጣም፤ ስለ ጽጽቃና ስለ ሰቆጣ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ያጣል።

ለዚህ የተበጀው መፍትሔ በባለሙያዎች አጠራር ሳይትማፕ የሚባለው የድረ ገጽ ካርታ ነው። ካርታ ይባል እንጂ የገጾችን አድራሻ በዝርዝር የያዘ፣ በኤክስኤምኤል የሚጻፍ ፋይል ነው። አሠራሩን ጎግል እ.ኤ.አ. በ2005 ያስተዋወቀ ሲሆን፣ በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍት ተቀብለውታል። አንድ ፋይል እስከ 50 ሺህ አድራሻዎችን ስለሚይዝ ለአንድ ወረዳ ድረ ገጽ ከበቂ በላይ ነው።

ካርታውን በእጅ መጻፍ ግድ አይደለም። ለምሳሌ ወርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 5.5 እትሙ ጀምሮ ራሱ ያዘጋጀዋል። የድረ ገጹ ባለቤት ድርሻ የካርታውን አድራሻ በጎግል ሰርች ኮንሶልና በቢንግ ተመሳሳይ አገልግሎት ማስመዝገብ፣ በተጨማሪም ሮቦትስ በተሰኘው የድረ ገጹ ፋይል ውስጥ በአንድ መስመር መጠቆም ነው።

በሀገራችን የተለየ ጥንቃቄ የሚያሻው የቀን አጻጻፍ ነው። በካርታው ላይ ከእያንዳንዱ አድራሻ ጎን ገጹ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻሻለበት ቀን ሊሰፍር ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በዋግ ኽምራ ድርቅ ባጋጠመበት ወቅት፣ ኅዳር 5 ቀን የተሻሻለ ገጽ አለ እንበል። ቀኑ በካርታው ላይ መስፈር ያለበት 2023-11-15 ተብሎ ነው። ዓመቱ 2016 ተብሎ ከተጻፈ መፈለጊያው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚያነበው፣ ትኩሱ መረጃ የሰባት ዓመት አሮጌ ይሆናል። ጎግል ቀኑን የሚጠቀምበት ትክክለኛ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ሲሆን፣ ስለ ገጹ የቅድሚያ ደረጃ በካርታው የሚጻፈውን ግን ከቁጥር አያስገባውም።

የአድራሻው ፊደልም ሌላው ጉዳይ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ መካተቱ አማርኛን ለመፈለጊያዎች የሚነበብ አድርጎታል። ይሁን እንጂ በካርታው ውስጥ የሚገባ አድራሻ በመቶኛ ምልክት ወደሚጀምሩ ኮዶች መለወጥ ስላለበት፣ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይወስዳል። ጽጽቃ የሚለው ባለሦስት ፊደል ስም 27 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። ረጅም የአማርኛ ርእስን እንዳለ አድራሻ ማድረግ ስለማይመች አጭር ስም መምረጥ ይበጃል።

ካርታው የማይፈታው ችግር ደግሞ አለ። ለኮምፒውተር «ጽ» እና «ፅ» ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በመሆኑም ጽጽቃ ተብሎ የወጣውን ገጽ ፅፅቃ ብሎ የሚፈልገው ሰው ላያገኘው ይችላል። ሰቆጣና ሠቆጣ፣ ዋግ ኽምራና ዋግ ህምራም እንዲሁ ናቸው። ስሙን በርእሱ አዘውትሮ በሚጻፍበት ፊደል አስፍሮ፣ ሌላውን አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ መጥቀስ ችግሩን ያቃልላል። ዝቋላ የሚለው ስም ይበልጥ ያደናግራል፤ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገኘው ባለ ገዳሙ ተራራም ዝቋላ ነውና። ርእሱ «የዋግ ኽምራ ዝቋላ ወረዳ» ካላለ የወረዳውን ዜና የሚሻ ሰው ተራራው ላይ ሊደርስ ይችላል።

ካርታው መቅረቡም ገጹ በእርግጥ ይመዘገባል ማለት አይደለም፤ መፈለጊያው ገጹን ጎብኝቶ የሚወስነው ራሱ ነው። በተለይ ማስታወቂያን በወረቀት አዘጋጅቶ ፎቶውን ብቻ መለጠፍ ገጹን ባዶ ሊያስመስለው ስለሚችል፣ ጽሑፉን በፊደል ተይቦ ከፎቶው ጋር ማውጣት ያስፈልጋል።