ወተቱ ፈልቶ መርዙ ሲቀር
ስለ ምግብ መርዝ መመርመሪያው አንቲቦዲ ለነጋዴዎች የቀረበ መግለጫ

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ወተት የሚነግድ ሰው ሁሉ አንድ እምነት አለው፤ ይኸውም ወተት ከፈላ በኋላ ጉዳት የለውም የሚል ነው። እምነቱ በአብዛኛው እውነት ነው። ጥሬ ወተት ከሚያመጣቸው ደዌዎች ብዙዎቹን እሳት ያጠፋቸዋል። ነገር ግን እሳት የማያሸንፈው አንድ መርዝ አለ፤ እርሱም የነጋዴን ስም በአንድ ሌሊት ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ስለ ጠባዩና ስለሚታወቅበት መንገድ ጥቂት መግለጽ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

መርዙን የሚሠራው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ተሐዋሲ በሰው አፍንጫ፣ በቆዳና በቆሰለ ጣት ላይ ይኖራል፤ ግቷ ባበጠ ላም ወተት ውስጥም ይገኛል። ወተት ወይም የበሰለ ሥጋ በሙቀት ሲውል በፍጥነት ይራባል፤ በአንድ ግራም ምግብ ውስጥ ቍጥሩ ከ100,000 ሲያልፍ ሰውን ለማሳመም የሚበቃ መርዝ ሊያፈራ ይችላል። ምግቡ ሲፈላ ባክቴሪያው ይሞታል፤ መርዙ ግን በ100 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ቢፈላም እንኳ ፈጽሞ አይጠፋም። ሽታም ጣዕምም የለውም። የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ እጅ የማይሞላ መርዝ ሰውን ለማስመለስ ይበቃል። ሕመሙ ከ30 ደቂቃ እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፤ አብዛኛው ሰው በአንድ ቀን ቢድንም ሕፃናትና ሽማግሌዎች ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉ።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በእኛ መደብር የደረሰ ነገር ነው። አሠሪዬ ከማሾና ከሽንኩርት ንግዳቸው ጋር ወተት እያሰበሰቡ በመንገዱ ዳር ላሉ ሆቴሎች ያቀርቡ ነበር። በአንድ የግንቦት ቀን ማለዳ የቀረበው ወተት መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ከማቀዝቀዣ ውጭ ዋለ፤ ማታ እንደገና ተፈልቶ ለመንገደኞች ተሰጠ። ከጠጡት መካከል ዘጠኙ ከእኩለ ሌሊት በፊት ታመሙ። የሆቴሉ ሰዎች «ወተቱ ከመጀመሪያው የተበላሸ ነበር» አሉ፤ እኛም «እናንተ ዘንድ ተበላሸ» አልን። የተረፈው ወተት ግን ተደፍቶ፣ ዕቃውም ታጥቦ ነበርና ለዳኝነት የሚሆን ማስረጃ አልተገኘም። አሠሪዬ ዋጋውን መለሱ፤ ደንበኛውም ቀረ።

እንዲህ ያለው ነገር በትልልቅ ፋብሪካም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በጃፓን አገር፣ በሆካይዶ በሚገኝ የስኖው ብራንድ ኩባንያ ፋብሪካ፣ መብራት ለሦስት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ወተቱ በሙቀት ቆየ። ኋላም በእሳት አልፎ ዱቄት ወተት ሆነ። ባክቴሪያው ቢሞትም መርዙ በዱቄቱ ውስጥ ስለ ቀረ፣ በኦሳካና በአካባቢው ከ13,000 የሚበልጡ ሰዎች ታመሙ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ጊዜ ላቦራቶሪው ባክቴሪያ ብቻ ቢቈጥር «ንጹሕ ነው» ሊል ይችላል። መፈለግ ያለበት ራሱ መርዙ ነው።

መርዙን የሚያገኘው አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ማለት የእንስሳ ደም በውስጡ የገባን ባዕድ ነገር ለመያዝ የሚያዘጋጀው ፕሮቲን ነው። ማኅተም በራሱ ሰም ላይ ብቻ ልክ እንደሚገጥም፣ እያንዳንዱም አንቲቦዲ የራሱን ባዕድ ለይቶ ይይዛል። (ማኅተም ስይዝ ብዙ ዘመን ስለ ኖርሁ ምሳሌውን ከዚያ ወሰድሁ።) በፊት ለዚህ ሥራ የጥንቸልና የመሳሰለው እንስሳ ደም ብቻ ይቀዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ግን ኮህለርና ሚልስታይን የተባሉ ሊቃውንት አንቲቦዲ የሚያመርተውን የአይጥ ሕዋስ ከማይሞት የካንሰር ሕዋስ ጋር በማዋሐድ፣ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ያለ ማቋረጥ የሚገኝበትን ዘዴ አወጡ፤ በ1984ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ምርመራው እንዲህ ይከናወናል። አንቲቦዲው በፕላስቲክ ገበታ ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ይለጠፋል። ከምግቡ የተጣራው ፈሳሽ ይፈስበታል፤ መርዝ ካለ ይያዛል። ከታጠበ በኋላ ቀለም የሚያወጣ ነገር የተያያዘበት ሁለተኛ አንቲቦዲ ይጨመራል፤ ቀለም ከታየ መርዝ አለ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ። ባክቴሪያው ራሱ ፕሮቲን ኤ የሚባል ነገር ስላለው፣ ያው ፕሮቲን የጥንቸሉን አንቲቦዲ በጅራቱ በኩል ይይዘውና መርዝ ሳይኖር ቀለም ያስወጣል። በዚህ ምክንያት ንጹሑ ነጋዴ ሊከሰስ ይችላል። የዶሮ እንቁላል አስኳል አንቲቦዲ በፕሮቲን ኤ ስለማይያዝ፣ አንዳንድ ላቦራቶሪ እርሱን ይመርጣል። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ የመርዙ ዓይነት ከሃያ በላይ ሲሆን የተለመደው መመርመሪያ የሚያገኘው ከኤ እስከ ኢ ያሉትን አምስቱን ነው።

የእኛን አገር ሰው ደስ የሚያሰኝም ነገር አለ። በሰንበቴ ገበያ እንደምናየው ያለው ግመል በደሙ ውስጥ ከሌሎች እንስሳት የተለየ፣ ቀለል ያለ አንቲቦዲ እንዳለው በብራስልስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1993 ታወቀ። ከዚህ የሚወጣው ትንሽ ክፍል ሙቀትን ከሌላው ይልቅ ይችላል። የግመል ዘመድ ከሆነው ከላማም የዚሁን መርዝ አንድ ዓይነት የሚይዙ አንቲቦዲዎች ተዘጋጅተዋል። ለቆላ አገር የሚስማማ መመርመሪያ ከዚህ ወገን ቢመጣ አያስገርመኝም።

በበኩሌ ይህ ምርመራ ማቀዝቀዣን ይተካል ብዬ አልመክርም፤ ዋጋውም ለየዕለቱ ወተት አይሆንም። የሚጠቅመው ክርክር ሲነሣና ዕቃ ወደ ውጭ ሲላክ ነው። የኤውሮፓ ኅብረት በ2005 ባወጣው ደንብ፣ በአይብና በዱቄት ወተት የባክቴሪያው ቍጥር ከ100,000 ሲያልፍ መርዙ እንዲመረመር፣ በ25 ግራምም ውስጥ እንዳይገኝ ያዝዛል።

እኛ አሁን ከየጭነቱ ሁለት መቶ ግራም ያህል በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ቀድተን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈን፣ ተረካቢውን አስፈርመን በበረዶ ቤት እናኖራለን። ክርክር ከተነሣ ናሙናው በበረዶ ሣጥን ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ አስቀድሞም መመርመሪያው መኖሩ በስልክ ይጠየቃል። በማመልከቻው ላይ «ባክቴሪያ ይቈጠርልን» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ ይህ አይበቃም። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ወተቱ የፈላ ስለ ሆነ፣ ከባክቴሪያው ቈጠራ ጋር የስታፊሎኮከስ መርዝ በአንቲቦዲ እንዲመረመርልን፣ የትኞቹ የመርዝ ዓይነቶች እንደ ተፈለጉም በውጤቱ ላይ እንዲጻፍልን በትሕትና እንለምናለን።»