ጨው የሚያፈርሰው መድኃኒት፦ አምቢሶም እንዴት ተሠራ? እንዴትስ ይበጠበጣል?

ካላዛር የቆላ በሽታ ነው። ይሁን እንጂ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሁመራ ወይም ወደ መተማ ወርዶ የተመለሰ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ይዞ እንደ እነዋሪ ባለ ደጋ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ቢመጣ፣ በሽታውን ማሰብና ሕክምናው ወደሚሰጥበት ሆስፒታል መላክ ግድ ነው። በዚያ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ አምቢሶም ነው። ይህ መድኃኒት በአግባቡ ካልተበጠበጠ ሊበላሽ ይችላል፤ ምክንያቱን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል።

የሳሙናም ሆነ የእንዶድ አረፋ ምሥጢር አንድ ነው፤ የሞለኪውሎቻቸው አንዱ ወገን ውኃን ይወዳል፣ ሌላው ውኃን ይሸሻል። እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች ውኃ ውስጥ ሲገቡ በራሳቸው ይሰበሰባሉ። የሚይዙትን ቅርጽ በዋነኛነት የሚወስነው የሞለኪውሉ አካል ነው። ራሱ ሰፊ፣ ጅራቱ አንድ የሆነው ሚሴል የተባለውን ጥቃቅን እንክብል ይሠራል። ሁለት ጅራት ያለው ፎስፎሊፒድ ግን ጎን ለጎን ተደርድሮ ድርብ ሽፋን ይሆናል፤ ሽፋኑ ተጠቅልሎ ሲዘጋ ላይፖዞም የተባለው ከረጢት ይፈጠራል።

አምፎቴሪሲን ቢ ራሱ ከእነዚህ ሞለኪውሎች ወገን ሲሆን፣ ብቻውን በውኃ በደንብ አይሟሟም። የቀድሞው ዝግጅት የሚሟሟው ዲኦክሲኮሌት በተባለ የሐሞት ጨው አማካይነት ነው፤ ይሁንና ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳል። በአምቢሶም ውስጥ መድኃኒቱ በላይፖዞሙ ሽፋን ውስጥ ተሰክቷል። ኮሌስትሮል ሽፋኑን ያጠነክረዋል፤ አሉታዊ ቻርጅ ያለው ፎስፎሊፒድ ደግሞ ከረጢቶቹ እንዲገፋፉና እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ስፋታቸው ከ100 ናኖሜትር በታች ነው። የጉበት፣ የጣፊያና የመቅኔ ማክሮፋጆች ይውጧቸዋል፤ የካላዛር ጥገኛ ተሐዋስም የሚኖረው በእነዚሁ ሴሎች ውስጥ ነው።

ይህን ቅርጽ ጠብቆ ለሕመምተኛው ማድረስ የእኛ ኃላፊነት ነው። 50 ሚሊግራም የያዘው ብልቃጥ የሚበጠበጠው በ12 ሚሊሊትር የመርፌ ውኃ ብቻ ነው፤ ወዲያውኑ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ በኃይል ይናጣል። ከዚያም አብሮት በሚመጣው ማጣሪያ ተጣርቶ በ5 በመቶ ዴክስትሮስ ይቀጥናል። ኖርማል ሳላይን ፈጽሞ አይጨመርም፤ ጨው መገፋፋቱን ስለሚያዳክም መድኃኒቱ ሊዘቅጥ ይችላል። ሳላይን የሄደበት የደም ሥር መስመርም አስቀድሞ በዴክስትሮስ ይታጠባል። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት አይቀመጥም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ኤች.አይ.ቪ. ላለባቸው የምሥራቅ አፍሪካ የካላዛር ሕሙማን አምቢሶም ከሚልቴፎሲን ጋር እንዲሰጥ መክሯል፤ ለዚህም በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደው ጥናት አስተዋጽኦ አድርጓል። አምቢሶም ጉዳቱ ቢቀንስም ጨርሶ አልጠፋምና፣ በሕክምናው ወቅት የክሬአቲኒንና የፖታሲየም ምርመራ ሊዘነጋ አይገባም።