ከጥምቀት በኋላ መመለስ የለም፦ የካሊፎርኒያ ሚሲዮኖች

ሚሲዮን ሲባል ብዙዎቻችን ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይታየናል። ፍራንሲስካዊው መነኩሴ ሁኒፔሮ ሴራ እ.ኤ.አ. በ1769 ሳንዲያጎ ላይ የጀመራቸው የካሊፎርኒያ ሚሲዮኖች ግን እርሻም፣ የሥራ ቦታም፣ ማደሪያም ነበሩ። ጥምቀቱ በመርህ ደረጃ በፈቃድ ነው። አንዴ የተጠመቀ የአገሬው ሰው ግን ያለ መነኮሳቱ ፈቃድ ወደ መንደሩ አይመለስም፤ ከጠፋ ወታደር አሳድዶ ያመጣዋል፣ ይገረፋል። (የግራናዳ ሙስሊሞችም በግዳጅ ከተጠመቁ በኋላ ወደ እስልምና መመለስ ያስቀጣቸው ነበር።) ያላገቡ ልጃገረዶች ማታ ተቆልፎባቸው ያድሩ ነበር፤ በተጨናነቀው ማደሪያ ኩፍኝና ሌሎች በሽታዎች ብዙዎችን ጨረሱ።

በ1775 ኩሜያዮች የሳንዲያጎውን ሚሲዮን አቃጥለው አንድ መነኩሴ ገደሉ። ሴራ ገዳዮቹ በሞት እንዳይቀጡ መለመኑን መደበቅ ፍትሐዊ አይሆንም። ግርፋቱን ግን ተከራክሮለታል። በ2015 ፖፕ ፍራንሲስ ቅዱስ ብለው ሲሰይሙት ከአገሬው ሕዝብ ተወላጆች ብዙዎቹ የተቃወሙትም ለዚህ ነው።