ከተተኮሰ ቀለህ ላይ የሚነበቡ ምልክቶች

ጠመንጃ በተተኮሰ ጊዜ አረሩ ወደ ዒላማው ይሄዳል፤ ባሩዱም ይነዳል፤ ከናስ የተሠራው ቀለህ ግን ለተኳሹ ይቀርለታል። የዒላማ ተኩስ እንደ ስፖርት በሚቆጠርባቸውና ሕጉም በሚፈቅድባቸው አገሮች ብዙ ሰዎች ይህን ባዶ ቀለህ አይጥሉትም፤ አዲስ ካፕሱል፣ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር አግብተው መልሰው ይሞሉታል። ነገር ግን የትኛው ቀለህ ዳግመኛ እንዲያገለግል፣ የትኛውም እንዲጣል ለይቶ ማወቅ የግድ ነው፤ ዛሬ የምንናገረውም ስለዚሁ ነው።

አስቀድመን የቀለህን ሥራ እናስተውል። ባሩዱ ሲነድ በጠመንጃው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት የከባቢ አየርን ግፊት ከ3,000 ጊዜ በላይ ያጥፋል። ቀለሁ ከመቶ 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ ሆኖ የተቀላቀለ ናስ ስለ ሆነ በዚህ ግፊት ይለጠጣል፤ ከብረቱ ግድግዳ ጋርም ተጣብቆ ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ይደፍናል። ቀለሁ የተቀደደ እንደ ሆነ ግን ያ የጋለ ጋዝ የሚወጣው ወደ ተኳሹ ዓይን ነው።

ከምልክቶቹ ሁሉ እጅግ የሚያሰጋው ከግርጌው ጥቂት ከፍ ብሎ ቀለሁን የሚዞር የሚያብረቀርቅ ቀለበት ነው። የቀለሁ ፊተኛ ክፍል ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ሲቆም ግርጌው ከመዝጊያው እስኪገናኝ ድረስ ወደ ኋላ ይገፋል፤ በዚህም ጊዜ ወፍራሙ ግርጌ ከስሱ ግድግዳ በሚገናኝበት ስፍራ ናሱ ይሳሳል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ1933 ዓ.ም. በነጻነቱ ዘመቻ ጊዜ የእንግሊዝ ሠራዊት ይዞት ወደ አገራችን የገባው ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ ነው። ጭቃና አሸዋ የነካው ጥይት ሳይቀር እንዲጎርስ ታስቦ ጥይት የሚገባበት ቤት ሰፋ ብሎ ተሠርቷል፤ የመዝጊያው መያዣም ወደ ኋላ የራቀ ነው። ወታደሩ ባዶውን ቀለህ ስለሚጥል ይህ አይጎዳውም። መልሶ የሚሞላው ሰው ግን ቀለሁን ወደ ቀድሞ ልኩ እየጨመቀ፣ ጠመንጃው ደግሞ እየለጠጠው፣ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ግርጌው ተቆርጦ ሊቀር ይችላል።

ቀለበት ሁሉ ግን ክፉ አይደለም፤ ቀለሁን የሚጨምቀው መሣሪያም መሥመር ይተዋል። ስለዚህ ቀጭን ሽቦ ጫፉን አሹሎና አጥፎ በአፉ በኩል ማግባትና ከግርጌው ጀምሮ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ላይ መሳብ ነው። ሽቦው በጎድጓዳ መሥመር ከተያዘ ያ ቀለህ ይጣላል።

ብዙዎች በካፕሱሉ መጠፍጠፍ ብቻ ስለ ግፊቱ ይፈርዳሉ፤ በእኔ አስተያየት ይህ ችኮላ ነው። ለስላሳ ካፕሱል በተለመደው ግፊትም ይጠፈጠፋልና። ነገር ግን ከዚሁ ጋር መዝጊያው አልከፈት ካለ፣ ወይም አዲሱ ካፕሱል ያለ ተቃውሞ ጎድጓዳው ውስጥ ልግም ብሎ ከገባ፣ ግርጌው በከባድ ግፊት ተለጥጧል ማለት ነው፤ ቀለሁም ይጣላል፤ የባሩዱም መጠን ይቀነሳል።

በአንገቱ ላይ በቁመት የሚታየው ስንጥቅ ናሱ በመለጠጥና በመጨመቅ ብዛት ደርቆ የሚያመጣው ነው፤ ከግርጌው መቆረጥ ይልቅ አደጋው ያነሰ ቢሆንም ያም ቀለህ አያገለግልም። በአዲስ ቀለህ አንገት ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጥላ ግን ፋብሪካው ናሱን ለማለስለስ ያሞቀበት ምልክት ስለ ሆነ ሊያስፈራ አይገባም።

ከመተኮሱ በፊት የሚደርስ ጉዳትም አለ። በሕንድ አገር የእንግሊዝ ጦር በክረምት ጊዜ በፈረስ ጋጣ ያኖራቸው ጥይቶች ማንም ሳይነካቸው ይሰነጠቁ ነበር። ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1921 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር እንዳስረዱት፣ ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞንያ በእርጥበት ተረድቶ ውጥረት ያለበትን ናስ መብላቱ ነው። እንዲሁም ባዜቃ ያለበት የድሮ ካፕሱል ሲተኮስ ባዜቃው ወደ ናሱ ገብቶ ተሰባሪ ያደርገዋል። ይህ በዓይን አይታይም፤ በሽቦም አይዳሰስም፤ የሚታወቀው በግርጌው ላይ ከታተመው የፋብሪካ ምልክትና የዓመት ቁጥር ስለ ሆነ፣ ቀለሁ በእጅ እንደ ተያዘ አስቀድሞ የሚነበበው እርሱ ነው።