ሚናማታ፦ የዳነ ባሕር፣ ያልተዘጋ ፋይል

ሚናማታ የሚለውን ስም የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው በሽታውን እንጂ ከተማውን አይደለም። ከተማው ግን አለ። በደቡብ ጃፓን በኪዩሹ ደሴት፣ የኩማሞቶ ክፍለ ሀገር ከካጎሺማ ጋር በሚዋሰንበት ጥግ፣ ጀርባውን ለተራራ ፊቱን ለሺራኑይ ባሕር ሰጥቶ ተቀምጧል። በ1950ዎቹ አጋማሽ 50 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበረው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የዚያ ግማሽ እንኳ የለውም፤ ወጣቱ እንደ ሌላው የጃፓን ገጠር ሁሉ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ነጉዷል።

ወደዚያ ልሂድ ያለ ሰው ከሁለት ወገን ምክር ይጎርፍለታል። አንዱ «ዓሣ እንዳትቀምስ፣ ባሕሩ መርዝ ነው» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ያ እኮ ያለፈ ታሪክ ነው፤ ጃፓኖች ካሣውን ከፍለው ጨርሰውታል» ይለዋል። በእኔ እምነት ሁለቱም ነገሩን ገልብጠው ነው የያዙት። ያለቀው የባሕሩ ጉዳይ ነው። የሰዎቹ አላለቀም።

«ጃፓን አይደል? ባቡሩ በየደቂቃው ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ፈጣኑ ሺንካንሰን ከ2004 ጀምሮ ሺን-ሚናማታ የሚባል ጣቢያ አለው፤ ከፉኩኦካ ለተነሳ ሰው አንድ ሰዓት ከምናምን ቢፈጅበት ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ባቡር አይቆምም፤ በጣም ፈጣኖቹ ጣቢያውን በነፋስ ገርፈውት ያልፋሉ። ጣቢያውም ከመሀል ከተማው ወጣ ያለ ነው። ወደ መሀል የሚያስገባው ሂሳትሱ ኦሬንጅ የሚባለው የድሮው መስመር ሲሆን፣ የሚመላለስበት ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ፉርጎ የናፍጣ ባቡር ነው። አንዱ ካመለጠ ሌላውን ለመጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለውጭ አገር ጎብኚዎች የሚሸጠው የጄአር ፓስም እዚህ መስመር ላይ አይሠራም፤ ዝርዝር የን መያዝ ነው።

ስለ ፍል ውኃዎቹም የሚወራ አለ፦ ባዕድ አያስገቡም ይባላል። ከተማው ሁለት የታወቁ ፍል ውኃዎች አሉት፤ ዩኖኮ ባሕሩ ዳር፣ ዩኖትሱሩ በተራራው ሸለቆ ውስጥ። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ ገንዳው ውስጥ ከመግባት በፊት ዳር ላይ ተቀምጦ በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያ ያለ ልብስ መግባት። የሚያስቸግረው ንቅሳት ነው። በጃፓን ብዙ የፍል ውኃ ቤቶች ንቅሳት ያለበትን ሰው ይከለክላሉና፣ አንገታቸውን የተነቀሱ እናቶቻችን እዚያ የመድረስ ዕድል ካጋጠማቸው አስቀድመው ቢያስጠይቁ ይሻላቸዋል።

«ባሕሩ ዛሬም መርዝ ነው»

አንዳንድ ሰው በቴርሞሜትር ውስጥ የምናውቀው ብርማ ፈሳሽ ባሕር ውስጥ የተደፋ ይመስለዋል። የሆነው ሌላ ነው። ቺሶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ከ1932 ጀምሮ አሴታልዲሃይድ የተባለ ኬሚካል ሲያመርት፣ ሂደቱን ለማፋጠን የሜርኩሪ ውሕድ ይጠቀም ነበር። በዚያው ሂደት ውስጥ ሜቲል ሜርኩሪ የሚባል፣ ከብርማው ፈሳሽ እጅግ የከፋ ነገር ይፈጠራል። እሱም ከፍሳሹ ጋር ወደ ሚናማታ ወሽመጥ ወረደ። ከደቃቃ የባሕር ፍጥረታት ወደ ትናንሽ ዓሦች፣ ከእነሱ ወደ ትልልቆቹ እየተጠራቀመ ሄደና መጨረሻ ላይ ሰው ሳህን ላይ ደረሰ። ጨጓራና አንጀት አያግዱትም፤ አንጎል ድረስ ይዘልቃል።

ባሕሩ በራሱ ጊዜ አልጸዳም፤ በገንዘብና በጉልበት ነው የጸዳው። ከ1974 ጀምሮ የወሽመጡ አፍ በመረብ ታጠረ፤ የተመረዘው ዓሣ እንዳይወጣ፣ ሌላውም እንዳይገባ። ከ1977 እስከ 1990 ባለው ጊዜ የወሽመጡ ወለል ተዛቀ። በፍሳሹ መውጫ አካባቢ ጭቃው እስከ አራት ሜትር ይወፍር ነበር። የጽዳት ሥራው ያቀፈው ደለል 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነበር፤ እጅግ የተበከለውን የወሽመጡን ክፍል በብረት ግድግዳ ከበው፣ ደለሉን እዚያው አፍነው፣ በንጹሕ አፈር ሸፈኑት። በዚህ መንገድ 58 ሄክታር አዲስ መሬት ተፈጠረ። ዓሦቹ በየጊዜው ሲመረመሩ ቆይተው፣ የሜርኩሪ መጠናቸው ለተከታታይ ዓመታት ከተፈቀደው በታች መሆኑ ሲረጋገጥ፣ የኩማሞቶ አገረ ገዥ በሐምሌ 1997 ባሕሩ ደኅና መሆኑን አወጁ። መረቡም በዚያው ዓመት ተነሳ።

ስለዚህ ሺራሱ የሚባለውን፣ ከጣት ጥፍር እምብዛም የማይረዝመውን ነጭ ዓሣ በሩዝ ላይ ከምረውለት የቀረበለት ጎብኚ ሳይሳቀቅ መብላት ይችላል። በጎመንና በባሕር ምግብ የታጨቀው ቻምፖን የተባለው የኑድል ሾርባም አይለፈው። የአካባቢው ሽንኩርት ጥሬውን ተከትፎ የሚበላ ነው፤ ዓይን የሚያስለቅስ ሳይሆን ጣፋጭ። ተራራው ወገብ ላይ ያለው የአማናትሱ ብርቱካን ግን የራሱ ታሪክ አለው፦ ከተከሉት መካከል ባሕር መውረድ ያልቻሉ የተጎጂ ዓሣ አጥማጅ ቤተሰቦች ይገኙበታል፤ ፀረ ተባይ መርዝም በተቻላቸው መጠን ቀነሱ። በመርዝ የተጎዳ ሰው መርዝ ረጪ መሆንን እንዴት ይወዳል?

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳይነገር እንዳያልፍ። ከባሕሩ የተነሳው ጭቃ የትም አልሄደም። የጽጌረዳ አትክልት፣ የቀርከሃ ጫካና የስፖርት ሜዳ ያለው ሰፊው መናፈሻ የተቀመጠው በእሱ ላይ ነው። በመናፈሻው የባሕር ዳርቻ፣ ፊታቸውን ወደ ውኃው ያዞሩ ትናንሽ የድንጋይ ምስሎች ተደርድረዋል። ተጎጂዎችና ደጋፊዎቻቸው ከ1990ዎቹ ጀምሮ በገዛ እጃቸው የጠረቧቸው ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይመስልም፤ የአንዱ አፍንጫ ጠፍጣፋ ነው፣ የሌላው ዓይን የተጨፈነ ይመስላል። ከታች ያለውን ደለል የያዘው የብረት ግድግዳ ደግሞ እንደ ማንኛውም ብረት ዕድሜ አለው፤ አገሩም የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ነው።

«በሽታው ተላላፊ ነው፤ በዘር ይሄዳል»

ይህን ዛሬ በግልጽ የሚናገር ጥቂት ነው። ያደረሰው ጉዳት ግን ከመርዙ ጎን የሚቆጠር ነው። መጀመሪያ ያበዱት ድመቶች ነበሩ፤ እየተንቀጠቀጡ ይሽከረከሩና ባሕር ውስጥ ይወድቁ ነበር። ግንቦት 1 ቀን 1956 የፋብሪካው ሆስፒታል ኃላፊ ዶክተር ሃጂሜ ሆሶካዋ ምክንያቱ ያልታወቀ የአንጎል በሽታ በሕፃናት ላይ መታየቱን ለጤና ጣቢያው አሳወቁ። ወዲያው ታማሚዎቹ ተላላፊ በሽታ እንዳለባቸው ተቆጥረው ተገለሉ፣ ቤቶቻቸው በመድኃኒት ተረጩ። ባለሱቆች ገንዘባቸውን በእጅ ላለመንካት በቾፕስቲክ ይቀበሏቸው እንደነበር ተጎጂዎች ተናግረዋል። የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ኅዳር በሽታው ተላላፊ ሳይሆን በዓሣ በኩል የመጣ የከባድ ብረታ ብረት መመረዝ ይመስላል ብለው ነበር። ሰሚ አላገኙም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሚናማታ ልጅ ለትዳር ሲጠየቅ ትውልድ ቦታውን ይደብቅ ነበር፤ በባቡር የሚያልፉ መንገደኞች እዚያ ሲደርሱ መስኮት ይዘጉ ነበርም ይባላል።

«በዘር ይሄዳል» የሚለው ከየት መጣ? ዓሣ ቀምሰው የማያውቁ ሕፃናት ታመው ስለተወለዱ ነው። በዚያን ዘመን የሕክምናው ዓለም የእንግዴ ልጅ መርዝን ያግዳል ብሎ ያምን ነበር። ሜቲል ሜርኩሪ ግን አልፎ ይሄዳል፤ ይህም በ1962 በይፋ ታወቀ። ማስረጃው በኋላ የተጠናከረበት መንገድ ይገርመኛል። ጃፓናውያን ቤተሰቦች የልጃቸውን እትብት አድርቀው በትንሽ የእንጨት ሣጥን የማስቀመጥ ልማድ አላቸው። ሐኪሙ ማሳዙሚ ሃራዳና ባልደረቦቻቸው እነዚያን የደረቁ እትብቶች ሰብስበው ሲያስመረምሩ፣ ሜርኩሪው ልጁ በተወለደበት ዓመት ልክ ተመዝግቦ ተገኘ። ፋብሪካው ብዙ ባመረተበት ዘመን የተወለዱት እትብት ብዙ ይዟል። ዘር የሚባል ነገር የለበትም።

«ኩባንያው እንዳወቀ አቆመ»

አላቆመም። በ1958 የፍሳሹን መውጫ ከወሽመጡ ወደ ሚናማታ ወንዝ አፍ አዞረው፤ መርዙም ወደ ሰፊው የሺራኑይ ባሕር ተዛመተ። በ1959 እኚያው ዶክተር ሆሶካዋ የፋብሪካውን ፍሳሽ ከምግብ ጋር አደባልቀው ቁጥር 400 ለተባለች ድመት ሰጧት። ድመቷ ታመመች። ውጤቱ ግን ለሕዝብ አልተነገረም፤ ሐኪሙ የመሰከሩት በ1970፣ የሞት አልጋቸው ላይ ሆነው ነው። በዚያው በ1959 መጨረሻ ኩባንያው ፍሳሽ ያጣራል የተባለ መሣሪያ በታላቅ ሥነ ሥርዓት አስመረቀ፤ ሜቲል ሜርኩሪን ግን የማስወገድ አቅም አልነበረውም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ለሟች ቤተሰብ 300 ሺህ የን «የማጽናኛ ገንዘብ» ሰጥቶ፣ ወደፊት ጥፋቱ የፋብሪካው መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ ሌላ ካሣ እንዳይጠይቁ አስፈረማቸው። ፍርድ ቤት ያንን ውል በ1973 ከመልካም ሥነ ምግባር ጋር ይቃረናል ብሎ ሽሮታል።

አሴታልዲሃይድ ማምረት የቆመው በግንቦት 1968 ነው፤ ያውም ዘዴው ጊዜ ያለፈበት ስለሆነ። መንግሥት ምክንያቱን በይፋ ያመነው ከዚያ ከአራት ወር በኋላ ነው።

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ኩባንያውን ተቃወመ የሚለውም ተረት ነው። ሚናማታ በቺሶ እንጀራ የሚኖር ከተማ ነበር። በ1959 ዓሣ አጥማጆች ፋብሪካውን ጥሰው ሲገቡ፣ ከንቲባውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካዮች ፍሳሹ እንዳይቆም አገረ ገዥውን ይለምኑ ነበር። ፋብሪካው ዛሬም አለ፤ በ2011 ሥራው ጄኤንሲ ለተባለ የቺሶ ንዑስ ኩባንያ ተላልፎ፣ ከአሮጌው ሚናማታ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት እየሠራ ነው። ከጣቢያው በር ሲወጡ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

«ፊልሙን አይቻለሁ»

በ2020 የወጣውና ጆኒ ዴፕ የተወነበት «ሚናማታ» ፊልም ብዙ ሰው ስለ ጉዳዩ እንዲሰማ አድርጓል። ባሕሩን ያየ የመሰለው ተመልካች ግን ተታሏል፤ አብዛኛው የተቀረጸው በሰርቢያና በሞንቴኔግሮ ነው። ፊልሙ የሚተርክለት ፎቶ አንሺ ዩጂን ስሚዝ የተደበደበውም ሚናማታ ሳይሆን በቶኪዮ አቅራቢያ ቺባ ውስጥ ባለ ሌላ የኩባንያው ፋብሪካ ነው። ስሚዝ ባነሳው፣ ልጇን በገንዳ የምታጥበው እናት ዝነኛ ፎቶግራፍ ላይ የመወሰን መብት ደግሞ በ1998 ለልጅቷ ወላጆች ተሰጥቷል። ሙዚየም ሄዶ ያንን ፎቶ መፈለግ ተገቢ አይመስለኝም። በ1993 በተከፈተው የከተማው ሙዚየም የሚሻለው፣ ታሪካቸውን በራሳቸው አንደበት የሚናገሩትን ሰዎች ቁጭ ብሎ መስማት ነው።

«ካሣ ተከፈለ፣ ጉዳዩ ተዘጋ»

በኩማሞቶና በካጎሺማ በይፋ የሚናማታ በሽተኛ ተብለው የታወቁት ከ2,200 ጥቂት ይበልጣሉ። በ1977 የወጣው መመዘኛ በርካታ ምልክቶች ተደራርበው ካልታዩ አይቀበልም። እጁና እግሩ የደነዘዘ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ የማይለይ ሰው ያንን ይዞ ቢሄድ «አይደለህም» ይባላል። በዚህ ምክንያት ከመመዘኛው ውጭ የቀሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ በ1995ቱ ስምምነትና በ2009ኙ ልዩ ሕግ መሠረት በሽተኛ ሳይባሉ ገንዘብ ወይም የሕክምና ድጋፍ ተሰጣቸው። የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት መንግሥትና ክፍለ ሀገሩም ተጠያቂ ናቸው ያለው በ2004 ነው።

ዓለም ግን የከተማውን ስም ለሕግ ሰጥቶታል። በ2013 በኩማሞቶ የጸደቀውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት፣ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ከገበያ እንዲወጣና ሜርኩሪ ያለባቸው የፊት ማንጫ ቅባቶች እንዲታገዱ የሚያደርግ ነው። ማንጫ ቅባት የሚገዛ ሰው ስሙን ባያውቀውም ጉዳዩ ይመለከተዋል።

ሰዎቹ እስከ አሁን ፍርድ ቤት ናቸው። በመስከረም 2023 የኦሳካ ፍርድ ቤት 128ቱን ከሳሾች በሙሉ የሚናማታ በሽተኞች ናቸው ብሎ ፈረደ፤ ተከሳሾቹ ይግባኝ አሉ። በመጋቢት 2024 ደግሞ የኩማሞቶው ፍርድ ቤት ከ144 ከሳሾች በሽታው እንዳለባቸው ያመነው 25ቱን ብቻ ነው፤ የእነሱንም ጊዜው አልፏል ብሎ የሁሉንም ክስ ውድቅ አደረገ። በዚያው ዓመት ግንቦት 1 ቀን፣ ከመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት በኋላ ተጎጂዎች ከአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሩ ጋር ተቀምጠው ሲናገሩ፣ የተሰጣቸው ሦስት ደቂቃ አለፈ ተብሎ ማይክሮፎናቸው ተዘጋ። ሚኒስትሩ ከሳምንት በኋላ ተመልሰው መጥተው ይቅርታ ጠየቁ።

በሺራኑይ ባሕር ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ጤና እንዲጠና የ2009ኙ ሕግ አዝዞ ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላም ሥራው ገና የምርመራ ዘዴ በመሞከር ላይ ነበር። በጠቅላላው ስንት ሰው ታመመ ተብሎ ቢጠየቅ፣ የሚናማታ ሙዚየምም ሆነ ቶኪዮ ያለው ሚኒስቴር የሚሰጠው ቁጥር የለም።