የአረቄው መጠን ሲበዛ የጉበት ሥራ ለምን አይፈጥንም?

በቢቸናና በሞጣ የገበያ ቀን ማምሻ አረቄ ጠጥቶ ራሱን የሳተ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ፣ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው መቼ እንደሚነቃ ነው። መልሱ ያለው ከኢንዛይም ጠባይ ላይ ነው።

ሚካኤሊስና ሜንተን እ.ኤ.አ. በ1913 እንዳስረዱት፣ የሰብስትሬት ክምችት ዝቅተኛ ሲሆን የለውጡ ፍጥነት ከክምችቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ኢንዛይሞቹ ሁሉ ከተያዙ በኋላ ግን የቱንም ያህል ቢጨመር ፍጥነቱ ከጣሪያው አያልፍም። የጉበት አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ እዚህ ጣሪያ ላይ የሚደርሰው ገና በጥቂት መጠጥ ነው። በዚህም ምክንያት ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው አልኮል በአማካይ ከ7 እስከ 10 ግራም ብቻ ነው፤ የለመደ ጠጪ በሌላ ኢንዛይም እገዛ ጥቂት ይፈጥናል።

45 በመቶ አልኮል ያለው ዳግም አረቄ በ50 ሚሊ ሊትር ውስጥ 18 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ይህ ለጉበት የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። አምስት እንዲህ ያለ መለኪያ የጠጣ ሰው ዐሥር ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ይህን አያሳጥርም። ግሉኮስም የሚጠቅመው የደም ስኳሩ ለወረደበት ታማሚ ነው፤ የደም ስኳርና የራስ ጉዳት ደግሞ ታማሚው እንደደረሰ ይመረመራሉ እንጂ ስካሩ እስኪለቀው አይጠበቅም።