የስፍራ ማጣሪያና የታገደ አካውንት

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ብዙ ሰው የሚያማርርበትን አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም አንድ ሰው የራሱን የኢንተርኔት አካውንት በትክክለኛው የይለፍ ቃል ሊከፍት ሲሞክር የገባበት ስፍራ ያልተለመደ ነው ተብሎ መታገዱ፣ ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ሲያመለክትም ሰሚ ማጣቱ ነው። ችግሩ ከአገራቸው ውጭ በሚማሩና በሚሠሩ ሰዎች ላይ ይልቁን ይጸናል። ስለዚህ በመጀመሪያ ማጣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ቀጥሎ የሚሳሳትበትን ምክንያት፣ በመጨረሻም አቤቱታው መፍትሔ የሚያጣበትን መንገድ እናብራራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

በኢንተርኔት የሚደረግ ግንኙነት ሁሉ የአይፒ አድራሻ በሚባል ቁጥር አማካይነት ይፈጸማል። ስሙ አድራሻ ይባል እንጂ በቁጥሩ ላይ የቤትም የቀበሌም ምልክት የለበትም። እነዚህን ቁጥሮች ለየክፍለ ዓለሙ የሚያድሉ አምስት መዝጋቢ ድርጅቶች ሲኖሩ፣ የአፍሪካው አፍሪኒክ በ2005 ዕውቅና ያገኘ ነው። መዝጋቢው ለቴሌ ድርጅቶች በጅምላ ይሰጣል፤ ቴሌውም ለደንበኞቹ እያዘዋወረ ያድላል። እንግዲህ መዝገቡ የሚናገረው ቁጥሩ ለየትኛው ድርጅት እንደ ተሰጠ ነው እንጂ፣ በዚህች ሰዓት ማን በየት ሆኖ እንደሚጠቀምበት አይደለም። የስፍራ መረጃ የሚሸጡ ኩባንያዎች ከዚህ መዝገብና ከሌሎች ምልክቶች ተነሥተው ይገምታሉ። ብዙውን ጊዜ አገሩን በትክክል ያገኙታል፤ ወደ ከተማና ወደ ሰፈር ሲወርዱ ግን ግምታቸው እየላላ ይሄዳል።

የማጣሪያው ዓላማ በመሠረቱ መልካም ነው። የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ ርቆ ይገኛልና። ለምሳሌ ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ የተከፈተ አካውንት በ3 ሰዓት ከፍራንክፉርት ቢከፈት፣ በአውሮፕላን ሰባት ሰዓት ያህል የሚፈጀውን መንገድ ማንም በአንድ ሰዓት ሊጨርሰው ስለማይችል ማጣሪያው ሌባ ገብቷል ብሎ ይጠረጥራል። ከዚህም ሌላ በየአገሩ የተከፋፈለ የፊልም ማሳያ ውልና የማዕቀብ ሕግ ኩባንያዎችን ስፍራ እንዲጠይቁ ያስገድዷቸዋል።

ይሁን እንጂ ማጣሪያው የሚሳሳትባቸው ምክንያቶች ብዙዎች ናቸው። አንደኛ፣ በቀድሞው ሥርዓት ያሉት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ የዓለሙ ማከማቻ በየካቲት 2011 ባዶ ሆኗል። በዚህም እጥረት ምክንያት ብዙ የሞባይል ድርጅቶች በርካታ ደንበኞችን ከአንድ ቁጥር ኋላ ያሰልፋሉ፤ አንዱ ባጠፋ ጊዜ ጥርጣሬው ለሌሎቹም ይተርፋል። ሁለተኛ፣ ቪፒኤን የሚጠቀም ሰው፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ ግንኙነቱን በሌላ አገር በኩል የሚያሳልፍለት ሠራተኛ፣ ባልሄደበት አገር እንዳለ ይቈጠራል። ሦስተኛ፣ ስፍራው በትክክል ቢታወቅም እንኳ ሰውየው በእውነት ተጉዞ ሊሆን ይችላል። መጓዝ ደግሞ ወንጀል አይደለም።

ግምት እንደ እውነት ሲወሰድ የሚያስከትለውን ጉዳት በ2016 በአሜሪካ አገር በካንሳስ ግዛት የተገለጠው ነገር ያስረዳናል። ማክስማይንድ የተባለው የስፍራ መረጃ ኩባንያ አንድ አድራሻ በአሜሪካ ውስጥ መሆኑን እንጂ ከዚያ የበለጠ ባላወቀ ጊዜ፣ በአገሩ መካከል አካባቢ ያለ አንድ ነጥብ ይሰጠው ነበር። ነጥቡም ፖትዊን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ባለ የእርሻ ቤት ላይ አረፈ። ከ600 ሚሊዮን የሚበልጡ አድራሻዎች ወደዚያ ቤት ያመለክቱ ስለ ነበር፣ ምንም የማያውቁት ነዋሪዎች በፖሊስና በተበዳዮች ለብዙ ዓመታት ሲታወኩ ኖረዋል። ነገሩ ከታወቀ በኋላ ኩባንያው ነጥቡን ወደ ውሃ ላይ አዛወረው።

አሁን ወደ አቤቱታው እንለፍ። አንድ ተማሪ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ለትምህርት ወደ ጀርመን ሄደ እንበል። እዚያም አዲስ ሲም ካርድ ገዛ። ኢሜይሉን ሊከፍት ሲል ታገደ፤ ማረጋገጫውም ቁጥር በአገር ቤት ወደ ተወው ስልክ ተላከ። ለደንበኞች አገልግሎት ቢጽፍ «የተላከልዎትን ቁጥር ያስገቡ» አሉት። ስልኩ ከእኔ ጋር የለም ቢል «አካውንትዎን ከፍተው የስልክ ቁጥሩን ይለውጡ» አሉት። አካውንቱን ለመክፈት ግን ያው ቁጥር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን የነፃ ትምህርቱ ደብዳቤ በተዘጋው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የመልሱ ቀን ያልፋል።

የዚህ ምክንያት የጸሐፊው ክፋት አይደለም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ መልስ የሚሰጠው ሠራተኛ የእገዳውን ምክንያት አያይም፤ እገዳውን ለማንሣትም ሥልጣን የለውም፤ የተሰጠውን ቃል ያነብባል እንጂ። ኩባንያዎቹም ምክንያቱን የሚሸሽጉት ሌባ እንዳይማርበት ነው ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ በሐምሌ 2020 አታላዮች የትዊተርን ሠራተኞች በስልክ አሳስተው ወደ ውስጥ መሣሪያዎቹ በመግባት 130 በሚሆኑ አካውንቶች ላይ አነጣጥረዋል። ነገር ግን ለጥንቃቄ ተብሎ ምስክሩም ዳኛውም ያው ማጣሪያው ሲሆን፣ ንጹሑ ሰው ይግባኝ የሚልበት ችሎት አያገኝም።

መፍትሔው ማጣሪያውን ማጥፋት ሳይሆን ለግምቱ ማስተባበያ መንገድ መክፈት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በሙሉ ሲጸና፣ ደንበኛ ከኩባንያው ጋር የሚገናኝበት መንገድ በመኪና መልስ ብቻ የተወሰነ እንዳይሆን አዝዟል። ለደኅንነት የሚደረገውን እገዳ ሁሉ ያስነሣል ማለት ባይሆንም፣ ሰው ለሰው መልስ እንዲሰጥ መጠየቁ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአገራችን የሙግት ልማድ የተጠረጠረ ሰው ዋስ ይጠራ ነበር። አፕል በ2021 ያወጣው ዘዴ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል፤ ባለቤቱ አስቀድሞ የመረጠው የታመነ ወዳጅ ቁጥር ተቀብሎ በመስጠት አካውንቱን እንዲያስመልስ ይረዳዋል።

እስከዚያው ድረስ መንገደኛ የሆነ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት አራት ነገሮችን ቢፈጽም ይበጀዋል። ማረጋገጫውን ከሲም ካርዱ አውጥቶ ቁጥር በሚያመነጭ የስልክ ፕሮግራም ላይ ማድረግ፤ የመጠባበቂያ ቁጥሮችን በወረቀት ጽፎ መያዝ፤ ሁለተኛ ኢሜይል ማስመዝገብ፤ የለመደውን ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ይዞ መሄድ። ከታገደ ደግሞ ከልዩ ልዩ ስፍራ ደጋግሞ አይሞክር፤ እያንዳንዱ ሙከራ ጥርጣሬውን ያባብሳልና። ይልቁንስ በለመደው መሣሪያ አንድ ጊዜ ሞክሮ፣ የአቤቱታውን ቁጥርና ቀን መዝግቦ በጽሑፍ ይከታተል። ቤተሰቡን የሚረዳበት ገንዘብ ወይም የትምህርቱ ዕድል በአንድ አካውንት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ይህን ጥቂት ድካም ከጕዞ ዝግጅቱ እንደ አንዱ ሊቈጥረው ይገባል።